አሮጌው ሙግ ለምን ይወፍራል?

ነገሩን የጀመረችው አራት ኖታ ብቻ ያላት አንዲት የቤዝ ሐረግ ናት። አንዴ በ1970ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በተሠራ ሚኒሙግ፣ ማለትም ድምፅን በኤሌክትሪክ በሚፈጥር ባለ ቁልፍ ሲንተሳይዘር፣ አንዴ ደግሞ ሙግ ኩባንያ በ2016 መልሶ ባወጣው ሚኒሙግ ሞዴል ዲ ተቀዳች። የሁለቱም ማዞሪያዎች በአንድ ዓይነት ቁጥር ላይ ቆመዋል፤ ገመዱ አንድ፣ መቅጃው አንድ፣ የተጫወተው እጅ አንድ። ተራ በተራ ሲደመጡ ግን አሮጌው ደረት ይመታል። አዲሱ ጨዋ ነው፤ ሰው ቤት በእንግድነት እንደሄደ ልጅ እጁን ሰብስቦ የተቀመጠ ይመስላል።

የከነከነኝ ልዩነቱ ሳይሆን የልዩነቱ ትልቅነት ነው። የ2016ቱ እትም የተሠራው እንደ ቀድሞው በቦርዱ ቀዳዳ ውስጥ በሚገቡ ባለ እግር ክፍሎች፣ የቀድሞውን አቀማመጥ ተከትሎ ነው። ድምፁን የሚያመነጩት ሦስቱ ኦሲሌተሮች አሉ፤ ከመቁረጫው ነጥብ በላይ ያለውን ድምፅ በየኦክታቩ 24 ዴሲቤል የሚቆርጠው የትራንዚስተር መሰላል ፊልተርም እዚያው አለ። አንድ ዓይነት ሰርኪውት እንዲህ የተለያየ ድምፅ ካወጣ ምክንያቱ አንድ ቦታ ተደብቋል። «ዕድሜ ነው»፣ «የድሮ ዕቃ ነው» የሚሉት መልሶች ደግሞ ምንም አይመልሱም። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ከሥሩ መጀመር ነበረበት።

## ሁለት ዴሲቤል

መጀመሪያ የታየው ነገር በጣም ተራ ነው። የሁለቱን ቅጂዎች መጠን ስለካው አሮጌው ሁለት ዴሲቤል ገደማ ይበልጣል። በቮልቴጅ ሲሰላ 1.26 እጥፍ ማለት ነው። ይህን ያህል ልዩነት «ይሄኛው ይጮሃል» አያሰኝም፤ «ይሄኛው ይሻላል» ያሰኛል። ተንኮሉም እዚህ ላይ ነው። ጆሯችን በዝቅተኛ መጠን ቤዝን በደንብ አይሰማም፤ መጠኑ ትንሽ ከፍ ሲል ቤዙ ከሌላው ድምፅ ፈጥኖ ይመጣል። ስለዚህ ጥቂት ከፍ ያለ ድምፅ ጮኸ ሳይባል ወፈረ ይባላል።

አሮጌው በሁለት ዴሲቤል ዝቅ ተደርጎ እንደገና ሲደመጥ የተሰማኝ ነገር አስደንጋጭ ነበር ብል አላጋነንኩም። ደረት ይመታ የነበረው ነገር ግማሹ የለም። አልጠፋም፣ ግን ግማሹ ሄዷል። ያ «የ1970ዎቹ ነፍስ» ያልኩት አንዱ ክፍል የመቅጃው ማዞሪያ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ አባባሉ ስለ ሐሜት ቢሆንም ለሲንተሳይዘርም ሳይሠራ አይቀርም።

ከዚያ ሁለተኛው ጥርጣሬ መጣ። «ማዞሪያዎቹ በአንድ ቁጥር ላይ ናቸው» ያልኩት ራሱ ትክክል ነው? አይደለም። ከማዞሪያው ሥር ያለው ተለዋዋጭ ሬዚስተር ከፋብሪካ ሲወጣ እንኳ 20 በመቶ ሊዛነፍ የሚችል ዕቃ ነው፤ ማዞሪያው በዘንጉ ላይ ሲታሰርም አንድ ሚሊሜትር ወዲህ ወይም ወዲያ ይላል። በአንዱ መሣሪያ ላይ 5 ቁጥር የሌላው 5 ቁጥር አይደለም። ፊልተሩ ላይ ይህ ማለት አንዱ በ400 ኸርዝ ሲቆርጥ ሌላው በ500 ሊቆርጥ ይችላል ማለት ነው። ሁለት መሣሪያ በቁጥር አስተካክሎ ማወዳደር ሁለት እንጀራ በምጣዱ ቀለም እንደማወዳደር ነው። ማስተካከል በጆሮና በመለኪያ ነው።

ለፊልተሩ የሚሠራው ዘዴ ቀላል ነው። ኦሲሌተሮቹን ሁሉ ዝጉ፤ የፊልተሩን ሬዞናንስ (በመቁረጫው ነጥብ ላይ ያለውን ድምፅ የሚያጎላውን ማዞሪያ) ፊልተሩ ራሱ እስኪያፏጭ ድረስ ክፈቱት። አሁን ፊልተሩ ራሱ የሳይን ሞገድ እየሰጣችሁ ነው። ፉጨቱን በስልክ ላይ ባለ ኖታ መለኪያ ለኩና ሁለቱንም መሣሪያዎች በአንድ ኖታ ላይ አቁሙ፤ ከዚያ መቁረጫውን ሳትነኩ ሬዞናንሱን መልሱ። ሬዞናንሱ ሲመለስ ደግሞ ቁጥሩን አትመኑ። በመሰላል ፊልተር ሬዞናንስ በጨመረ ቁጥር ከሥር ያለው ድምፅ ይሳሳል፤ አንዱ ላይ ጥቂት ከፍ ብሎ ከቀረ ያ መሣሪያ ያለ ጥፋቱ «ቀጭን» ተብሎ ይወቀሳል።

## ሚክሰሩ ፊልተሩን ሲገፋ

መጠኑና መቁረጫው ከተስተካከለ በኋላም የቀረ ነገር ነበር፤ አሮጌው ትንሽ ይቆጣል። ይህኛው እውነተኛ ነው። ምንጩም ዕድሜ ሳይሆን አጠቃቀም ነው።

በሚኒሙግ ሦስቱ ኦሲሌተሮች በሚክሰሩ ተደምረው ወደ ፊልተሩ ይገባሉ። የመሰላሉ ትራንዚስተሮች ሳይዛቡ የሚሸከሙት በጣም ጥቂት ቮልቴጅ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲመጣ የሞገዱን ጫፍ በእርጋታ ያጎብጡታል። ሦስቱንም ማዞሪያዎች ወደ 4 ብታደርጉ ድምፁ ንጹሕ ይሆናል። 7 ወይም 8 ላይ ሲደርሱ መጠኑ ብዙም አይጨምርም፤ ወፍራሙ ግን ያኔ ይመጣል። ቀድሞ የተቀዱትን ቤዞች ወፍራም ያደረጋቸው አንዱ ነገር ይህ ግፊት ነው። የቆየው ብልሃት ደግሞ አለ፤ የጆሮ ማዳመጫውን መውጫ በአጭር ገመድ ወስዶ በውጭ ድምፅ መግቢያው ላይ መሰካት። ድምፁ በራሱ ላይ ተመልሶ ይገባና ከመግቢያው ማዞሪያ 3 ቁጥር ጀምሮ ይሰባል፤ ወደ 6 ሲጠጋ ያጉረመርማል፤ ከዚያ ካለፈ ቅኝቱም ይጠፋል።

ያቺ የቤዝ ሐረግ የተቀዳችበት አሮጌ መሣሪያ የሚክሰሩ ተለዋዋጭ ሬዚስተሮች ቀድመው ስለሚከፈቱ በ6 ቁጥር ላይ የሌላውን 7 ተኩል ያህል ይገፉ ነበር። በአዲሱ ሚክሰሩን ከፍ አድርጎ መውጫውን በዚያው ልክ ዝቅ ማድረግ ብቻ ቁጣውን አመጣው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ሚክሰሩን ከፍ ያደርግና መውጫውን ሳይቀንስ ይተዋል፤ ከዚያ መቅጃው ላይ ቀይ መብራት ሲያይ ሚክሰሩን መልሶ ዝቅ ያደርጋል። ፊልተሩ ሳይገፋ ይቀራል፣ «አዲሱ ቀዝቃዛ ነው» ይባላል።

ሌላው ነገር ይህን ድምፅ የምናውቀው ከየት ነው የሚለው ነው። አብዛኞቻችን የ1970ዎቹን ሲንተሳይዘር በአካል ሳይሆን በቅጂ ነው የሰማነው፤ ከሲንተሳይዘሩ በኋላ ደግሞ ሚክሰር ኮንሶል፣ ማግኔቲክ ቴፕ፣ ሸክላ ወይም ካሴት አለ። ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑን ከሙግና ከሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ ጋር ያቀናበረበትን ሥራ ብዙ የአገራችን ሰው ያወቀው በካሴት ነው። ካሴት የላይኛውን ጫፍ ይቆርጣል፣ ከፍ ያለውን ይጨፈልቃል፣ ሞተሩም ትንሽ ይወዛወዛል። ጆሯችን «የሙግ ድምፅ» ብሎ የያዘው ይህን ሁሉ ባንድ ላይ ነው። እና አዲስ መሣሪያ ገዝቶ በቀጥታ ኮምፒውተር ላይ የሰካ ሰው «ያ ድምፅ የለውም» ቢል አይፈረድበትም፤ ያ ድምፅ በአሮጌውም መሣሪያ ውስጥ ብቻውን አልነበረም።

## ሙቀት፣ ክራርና 12 ሴንት

የክራር ተጫዋች ከዘፈን ወደ ዘፈን ሲሻገር ጆሮውን ወደ ክራሩ አስጠግቶ መቃኛውን ጠምዘዝ፣ መለስ ያደርጋል። አምፖሉ ሲያሞቀው፣ እጁ ሲያልበው ክሩ ይለቃል። የአሮጌ አናሎግ ኦሲሌተርም ነገር እንዲሁ ነው፤ የሚለቀው ክር ሳይሆን ትራንዚስተር ነው።

ቁልፍ ስትጫኑ ቁልፉ በየኦክታቩ 1 ቮልት የሚጨምር ምልክት ይሰጣል። ኦሲሌተሩ ግን የሚፈልገው በየኦክታቩ እጥፍ የሚሆን ኮረንቲ ነው። ይህን የሚተረጉመው ጥንድ ትራንዚስተር ነው፤ 1ዱ ቮልት ተቀንሶ ወደ 18 ሚሊቮልት ወርዶ ይደርሰዋል፣ እነዚያ 18 ሚሊቮልቶች ኮረንቲውን እጥፍ ያደርጋሉ። ችግሩ እነዚህ 18 ሚሊቮልቶች የሚሠሩት በአንድ ሙቀት ላይ ብቻ መሆኑ ነው። ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሲጨምር ልኩ በ0.33 በመቶ ይዛነፋል።

0.33 በመቶ ምንም አይመስልም። እናስላው፦ አንድ ኦክታቭ 1200 ሴንት ነው፤ ከመነሻው ሦስት ኦክታቭ ላይ ብትጫወቱ 3600 ሴንት ርቃችኋል፤ የዚያ 0.33 በመቶ 12 ሴንት ነው። በ440 ኸርዝ ላይ 12 ሴንት ወደ 3 ኸርዝ ይጠጋል። ሁለት ኦሲሌተሮች በ3 ኸርዝ ሲለያዩ በየሰከንዱ ሦስት ጊዜ ይንቀጠቀጣሉ፤ ማንም ይሰማዋል። ያ ሁሉ ከአንድ ዲግሪ ነው። አዲስ አበባ ጠዋት 12 ዲግሪ፣ ከሰዓት 24 ዲግሪ በሚሆንበት ቀን ማካካሻ የሌለው መሣሪያ ምን እንደሚሆን መገመት ቀላል ነው።

ስለዚህ በሰርኪውቱ ውስጥ ሙቀት ሲጨምር በዚያው ልክ የሚጨምር ልዩ ሬዚስተር ይገባል፤ በዲግሪ 0.33 በመቶ ገደማ። ሬዚስተሩ ከትራንዚስተሩ ጋር መነካካት አለበት፣ ከተቻለም በሙቀት አስተላላፊ ቅባት ተያይዞ። ጠጋኝ ሲለውጠው ሁለት ሚሊሜትር አርቆ ከበየደው ትራንዚስተሩ ይሞቃል፣ ሬዚስተሩ አያውቅም፤ የመሣሪያው ቅኝት ቀኑን ሙሉ ይንሳፈፋል። «የድሮ ዕቃ ስለሆነ ነው» ተብሎ ይታለፋል።

የዛሬዎቹ በዚህ በኩል ይበልጣሉ። ማካካሻውን በቺፕ ውስጥ የያዘው የከርቲስ 3340 ኦሲሌተር ቺፕ ዛሬም እየተመረተ ነው፤ ኩባንያው ራሱ በ2016 መልሶ አውጥቶታል፣ ላትቪያ ውስጥ አልፋ የተባለ ፋብሪካም ተመሳሳዩን ይሠራል። ብዙዎቹ አዳዲስ መሣሪያዎች ደግሞ በውስጣቸው ያለ ትንሽ ኮምፒውተር ኦሲሌተሩን እየለካ ያስተካክለዋል። ውጤቱ ቀጥ ያለ ቅኝት ነው፣ አንዳንዴም ከሚገባው በላይ ቀጥ ያለ። በ110 ኸርዝ ላይ ሁለት ኦሲሌተሮች በ5 ሴንት ቢለያዩ አንዱ ዙር ሦስት ሰከንድ ያህል ይወስዳል፤ ድምፁ ቀስ ብሎ ይተነፍሳል። በ1 ሴንት ቢለያዩ ዙሩ 16 ሰከንድ ነው፤ ኖታው ከማለቁ በፊት አይተነፍስም። አዲሱ ላይ «ሕይወት የለውም» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይህ ነው፣ መፍትሔውም ሁለተኛውን ኦሲሌተር በ4 ወይም 5 ሴንት፣ ሦስተኛውን በተቃራኒው በ3 ሴንት ማራቅ ነው። እኩል ርቀት አትስጡ፤ ሁለቱ ዙሮች አንድ ላይ ከገጠሙ ድምፁ እንደ ሳይረን ይዞራል።

## አምስት ድምፅ፣ አምስት ጠባይ

በአንድ ጊዜ ብዙ ኖታ በሚጫወቱት ላይ ታሪኩ ይለያል። እዚህ የአሮጌው ብልጫ እውነተኛ ነው፣ ግን የጥራት ብልጫ አይደለም።

ፕሮፌት 5 የተባለው ሲንተሳይዘር በ1978 ሲወጣ በውስጡ አምስት ሙሉ ሲንተሳይዘሮች ነበሩት፤ አምስቱ በአንድ ሰው እጅ፣ በየራሳቸው ማስተካከያ የተቃኙ። አንዱ ፊልተር ከሌላው 3 በመቶ ቀድሞ ይከፈታል፣ የአንዱ ኤንቨሎፕ (ድምፁ እንዴት እንደሚነሳና እንደሚጠፋ የሚወስነው ክፍል) ጥቂት ይዘገያል። አንድ ኖታ ደጋግማችሁ ብትጫኑ አምስት የተለያዩ ሰዎች አንድ ቃል ሲናገሩ እንደመስማት ነው። በ1975 የወጣው የኦበርሃይም ባለ አራት ድምፅ መሣሪያ ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ አራቱ ሞጁሎች የየራሳቸው ማዞሪያ ስላላቸው ተጫዋቹ በእጁ አራት ጊዜ ያስተካክላል፣ በፍጹም እኩል አይሆኑም። የኦበርሃይም ስፋት አብዛኛው ከዚያ ነው።

የመሣሪያው ፈጣሪ ዴቭ ስሚዝ በ2020 አራተኛውን የፕሮፌት 5 እትም ሲያወጣ ይህን በደንብ ያውቅ ነበር። መሣሪያው ላይ «ቪንቴጅ» የሚል ማዞሪያ አለ፤ 4 ላይ ድምፆቹ እኩል ናቸው፣ ወደ 1 ሲወርድ ኦሲሌተሩም ፊልተሩም ኤንቨሎፑም በየድምፁ እየተዛነፈ ይሄዳል። ፊልተሩም ሁለት ነው፤ አንዱ የመጀመሪያዎቹን እትሞች ቺፕ ተከትሎ በዴቭ ሮሰም የተነደፈ፣ ሌላው በሦስተኛው እትም የነበረው የከርቲስ ቺፕ፣ በአንድ ማብሪያ የሚለዋወጡ። የመጀመሪያው ለስላሳና ጥቁር ነው፣ ሁለተኛው ጠርዝ አለው። ይህ ልዩነት ከ«አሮጌና አዲስ» ልዩነት ይበልጣል። ሁለት አሮጌ ፕሮፌቶች፣ አንዱ ከ1979፣ አንዱ ከ1981፣ ጎን ለጎን ቢቀመጡ እርስ በርስ ከሚመሳሰሉት ይልቅ እያንዳንዳቸው አዲሱን ይመስላሉ። ይህን አንዴ የሰማ ሰው «የድሮ ድምፅ» የሚለውን ነጠላ ስም ዳግመኛ ለመጠቀም ይቸገራል።

እኔ ማዞሪያውን ከ3 በታች አላወርደውም። ወደ 1 ሲጠጋ የሚሰማው በደንብ የተያዘ የ1978 መሣሪያ ሳይሆን ዐሥር ዓመት ማስተካከያ ያላየ መሣሪያ ነው፤ ሲወጣ አዲስ የነበረ ዕቃ መሆኑን እንረሳለን።

## በሽታን ከጠባይ መለየት

የሮላንድ ጁኖ 106 በ1984 የወጣ መሣሪያ ነው። ኦሲሌተሮቹ የሚቆጠሩት ከዲጂታል ሰዓት ስለሆነ ቅኝታቸው አይንሳፈፍም፤ «አሮጌ አናሎግ ይንሳፈፋል» የሚለውን አባባል ብቻውን ያፈርሳል። ሞቅ ያለ የሚባለው ድምፁ ግማሹ የኮረሱ ነው፤ ሁለት የማዘግያ ቺፖች ድምፁን ወደ ግራና ቀኝ ይወዘውዙታል። ኮረሱን ዝጉትና አድምጡ፤ ቀጭንና ቀጥ ያለ መሣሪያ ታገኛላችሁ። ኮረሱ ሲከፈት ከጀርባ የሚሰማው ሹሹታ የተፈጥሮው ነው፤ ልታጠፉት አትሞክሩ።

ነገር ግን ከስድስት ኖታ አንዱ ሲጠፋ፣ ወይም ሲንኮሻኮሽ፣ ወይም ቁልፉን ከለቀቃችሁ በኋላ ሲያንሾካሹክ ይህ ጠባይ አይደለም። በሽታ ነው፣ ስምም አለው፤ 80017 ኤ የተባለው ቺፕ። በእያንዳንዱ ድምፅ አንድ፣ በጠቅላላው ስድስት አሉ፤ ፊልተሩንና የድምፅ መጠኑን ይይዛሉ። ሮላንድ በጥቁር ሙጫ ለብጧቸዋል። ያ ሙጫ ከዓመታት በኋላ ኮረንቲ ማሳለፍ ይጀምራል፣ ምልክቱ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ይሾልካል።

የታመመውን ለማግኘት ቁልፍ ማሸጋገሪያውን፣ «ኪ ትራንስፖዝ» የሚለውን፣ ተጭናችሁ መሣሪያውን አብሩት። በዚህ የፍተሻ ሁኔታ ቁልፍ በተጫናችሁ ቁጥር የሚሰማው ድምፅ ቁጥር መስኮቱ ላይ ይታያል። ስድስት ጊዜ ተጫኑ፣ የሚያንኮሻኩሸው በየትኛው ቁጥር እንደሆነ ጻፉ። ከዚያ ስፒናውን ነቅላችሁ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቃችሁ ክፈቱት። ቺፑን ከቦርዱ ስትፈቱ ስታኞውን በመምጠጫ ሙሉ በሙሉ አውጡ፤ ሳይለቅ የተሳበ እግር የቦርዱን መዳብ ይዞ ይነሳል፣ ያኔ ሥራው ሦስት እጥፍ ይሆናል። የተፈታው ቺፕ በመስታወት ዕቃ ውስጥ በአሴቶን ከ24 እስከ 72 ሰዓት ይዘፈዘፋል፤ መስኮት ክፍት ይሁን፣ እሳት አጠገብ አይኑር። ሙጫው ሲለሰልስ በእንጨት ጥርስ መፋቂያ ቀስ ተብሎ ይላጣል። በብረት የነካው ሰው ሥር ያሉትን ትንንሽ ክፍሎች አብሮ ይልጣል። ደርቆ ሲመለስ ብዙ ጊዜ ይድናል፤ ካልዳነ በአዲስ የተሠሩ ምትኮች ይሸጣሉ። የቀሩት አምስቱም ተራቸውን እየጠበቁ ነው፤ ከተከፈተ አይቀር ስድስቱንም መጨረስ ይሻላል።

ሁለተኛው በሽታ የኃይል ክፍሉ ካፓሲተሮች ነው። በውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ይደርቃል። ምልክቱ ከቤዙ ሥር የማይለቅ እርግርግታ ነው፤ ሰዎች «ሙቀት» ይሉታል። እኛ አገር 50 ኸርዝ ስለሆነ ልዩነቱን በጆሮ መለየት ይቻላል፤ እርግርግታው 100 ኸርዝ ከሆነ ካፓሲተር ነው፣ 50 ከሆነ ገመድ ወይም የመሬት ግንኙነት ነው። የደረቀ ካፓሲተር ሲለወጥ ማይክሮፋራዱ ተመሳሳይ፣ ቮልቱ እኩል ወይም የበለጠ፣ የሙቀት መጠኑ 105 ዲግሪ የሆነ ይመረጣል፤ የመቀነስ ምልክቱ በትክክለኛው ወገን ይሁን። ከተለወጠ በኋላ መሣሪያው «ነፍሱ ወጣች» የሚል አለ። የወጣው እርግርግታው ነው።

## ልዩነቱ የቀረው የት ነው?

ሁሉ ተስተካክሎ፣ ሁሉ ታክሞ የሚቀር ልዩነት አለ? አለ፣ ከላይ በኩል።

በዘመኑ የተለመደው 741 የተባለው ማጉያ ቺፕ በአንድ ማይክሮሰከንድ ከግማሽ ቮልት በላይ መሄድ አይችልም። የመጋዝ ጥርስ ሞገድ 10 ቮልት ሲወድቅ 20 ማይክሮሰከንድ ይፈጅበታል። ዛሬ የተለመደው ቲኤል 072 በማይክሮሰከንድ 13 ቮልት ስለሚሄድ ያንኑ ከ1 ማይክሮሰከንድ በታች ይጨርሰዋል። በ2000 ኸርዝ አንድ ሞገድ 500 ማይክሮሰከንድ ነው፤ 20ው 4 በመቶ ይሆናል፣ ጥርሱ ደነዝ ይላል። በ110 ኸርዝ ቤዝ ላይ ግን ኢምንት ነው። እንግዲህ የደነዘዘው ጥርስ በላይኛው ኖታ ላይ እንጂ ብዙ ሰው በሚያወድሰው ቤዝ ላይ አይደለም።

አንዳንዱ «የድሮ ልስላሴ» ደግሞ ተራ ስህተት ነው። ኤአርፒ 2600 የተባለው ሲንተሳይዘር የመጀመሪያ ፊልተሩ የሙግን መሰላል የሚመስል 4012 ነበር፤ በኋላ በ4072 ሲተካ በስሌት ግድፈት ከ12 ኪሎኸርዝ በላይ መክፈት የማይችል ሆነ። ጥቂት ሬዚስተሮች ሲለወጡ ይታረማል። የሚያርመውም አለ፤ «ልስላሴው ያ ነው፣ አትንኩብኝ» የሚልም አለ። ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ የሚያወሩት ስለ አንድ ሬዚስተር መሆኑን እስካወቁ ድረስ። ኮርግ በ2015 ኦዲሲ የተባለውን ሌላውን የኤአርፒ ሲንተሳይዘር ሲመልስ ሦስቱንም የመሣሪያውን የፊልተር ዓይነቶች በአንድ ማብሪያ አድርጎ መስጠቱ ለእኔ ከሁሉ ሐቀኛው መልስ ነበር።

## ስትሞክሩትና ስትገዙት

ሙከራው እንዲህ ነው። ሁለቱንም አብርታችሁ 30 ደቂቃ ተዉአቸው። አንድ ኦሲሌተር፣ የመጋዝ ጥርስ፣ ፊልተሩ ሙሉ ክፍት፣ 110 ኸርዝ። መውጫውን በቴስተር በተለዋዋጭ ቮልት (ኤሲ) መለኪያው ለኩ፤ ርካሽ ቴስተር ከ400 ኸርዝ በላይ ይዋሻል፣ በዝቅተኛ ኖታ መለካቱ ለዚህ ነው። አንዱ 1.00 ቮልት ሲሆን ሌላው ከ0.98 እስከ 1.02 ይሁን፤ ያ 0.2 ዴሲቤል ነው። ፊልተሩን በፉጨት፣ ኦሲሌተሮቹን በኖታ መለኪያ አስተካክሉ። ከዚያ ሌላ ሰው በሳንቲም እየጣለ 12 ጊዜ ያጫውትላችሁ፤ እናንተ ፊታችሁን አዙሩ። ከ12ቱ 10 ካላገኛችሁ ለየሁ አትበሉ፤ 7 ወይም 8 በግምት ይመጣል።

ገዢ ከሆናችሁ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው። የሚመጣው ዕቃ ብዙ ጊዜ ከአሜሪካ በሻንጣ ነው፣ ስለዚህ 120 ቮልት። ሰክታችሁ ከማብራታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ፤ የቮልት መቀየሪያ ያለው አለ፣ የሌለውም አለ። ከሌለው ማውረጃ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ዋት በሁለት አባዝታችሁ ግዙ። ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ መሣሪያ በ50 ላይ የውስጥ ትራንስፎርመሩ ይበልጥ ይሞቃል፤ ካፓሲተሩ ደግሞ አጠገቡ ነው። የሻጭ ቪዲዮ ላይ መሣሪያው ቀድሞ ሞቆ ይሆናል፤ ከቀዝቃዛ ተነስቶ ሲበራ የሚያሳይ ጠይቁ፣ እያንዳንዱ ቁልፍ አንድ በአንድ ሲጫንም።

ያቺን የአራት ኖታ ሐረግ በዚህ መንገድ ሞክሬያት ከ12 7 አገኘሁ። መሣሪያዎቹ ከሞቁ በኋላ ማለት ነው። አሮጌው እንደበራ፣ በመጀመሪያዎቹ ዐሥር ደቂቃዎች ግን 12ቱንም አገኘሁ፤ ሦስተኛው ኦሲሌተር ገና እየወጣ ነበር፣ በየኖታው ላይ ሌላ ቦታ ይደርሳል። ከቀዳሁት ሁሉ ሳላጠፋ ያስቀመጥኩት ያንን ዐሥር ደቂቃ ነው።